መንገደኛው የት ይደር?
በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ስለሚያስፈልግ የማደሪያ ሜዳ
(ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ የማነሣው ጉዳይ በከተማ ፕላን መጻሕፍት ሰፊ ምዕራፍ የተሰጠው አይደለም። ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ገበያ፣ ስለ መንገድና ስለ ፍሳሽ ብዙ ተጽፏል፤ እኛም በየጉባኤያችን ብዙ ተነጋግረንበታል። የእኔ ጥያቄ ግን አጭር ናት፤ ይኸውም፣ ማደሪያውን ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ ከከተሞቻችን ሲደርስ የት ይደር? የምትል ናት።

ማደሪያውን ይዞ የሚጓዝ ስል ብዙ ዓይነት ሰው ማለቴ ነው። መኝታውን፣ ምድጃውንና ውኃውን በውስጡ በያዘ መኪና አገር ለአገር የሚዞር የውጭ ሰው አለ። ድንኳኑን በጀርባው አዝሎ ተራራና ደን ለማየት የሚመጣ ወጣት አለ። ከረዳቱ ጋር በጋቢናው ውስጥ የሚያድር የጭነት መኪና ነጂ አለ። ለንግሥ ወይም ለመውሊድ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ስንቁንና ብርድ ልብሱን ይዞ የሚመጣ ምእመን አለ። በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ለገበያ ማልዶ ለመገኘት በዋዜማው የሚደርስ ገበሬም አለ። እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት አልጋ አይደለም፤ ደልደል ያለ መሬት፣ ውኃ፣ መጸዳጃና ጠባቂ ነው። ፕላኖቻችን ግን ለባለ አልጋው ሆቴል ሲደለድሉ፣ ለዚህኛው መንገደኛ አንድ መስመር እንኳ አላሰመሩለትም።

ከተማና ሰፈር

በመሠረቱ ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን ባልተገባው ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ «ከተመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በጥንቱ አነጋገር ንጉሥና ሠራዊት ድንኳን ተክለው የሚያርፉበትን ቦታ ያመለክት ነበር። «ሰፈር» የሚለውም «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ነው። ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ደጃዝማች የሚሉት የማዕርግ ስሞች ሁሉ መነሻቸው በጉዞና በሰፈር ውስጥ እያንዳንዱ ሹም የነበረው ቦታ ነው። እንግዲህ ከተሞቻችን ከድንኳን የተወለዱ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር በዝርዝር ገልጾታል። በሺህ የሚቆጠር ድንኳን በሥርዐት እንደሚተከል፣ ለንጉሡ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ለማብሰያው፣ ለዳኞችና ለገበያው የተወሰነ ስፍራ እንዳለ ጽፏል። ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገርም አልፏል። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ቀን ሰፍሮ በሌላው ቀን ሲነሣ ትርምስ ያልፈጠረው፣ ድንኳን ተካዩ ቦታውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። በዘመናችን አነጋገር ፕላን ነበረው ማለት ነው።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ደግሞ ይህን ጥበብ ከማንም በላይ የሚያውቅ አገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ መንገድ እያስጠረጉና በየደረሱበት እየሰፈሩ ነበር። በዚያው ዓመት ከዙላ ተነሥቶ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘው የናፒር ጦር ወደ 13 ሺህ ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ሲመጣ፣ የየዕለቱን ጉዞ የሚወስንለት የውኃና የሣር መገኘት ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ወደዚያ አልገባም። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመው፣ ሠራዊትም ሆነ ነጋዴ በዚህ አገር ያለ ማደሪያ ሜዳ ሊንቀሳቀስ እንደማይችል ማወቁ ነው።

ነጋዴው በበኩሉ የራሱ ሥርዐት ነበረው። የተጫነ አጋሰስ በቀን ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ከብቱ መጋጥ ስላለበት ነጋዴው ፀሐይ ሳትጠልቅ ጭነቱን ያወርዳል፤ ጭነቱን ክምር አድርጎ በዙሪያው ያድራል። ስለዚህ በየመንገዱ ውኃ፣ ሣርና እንጨት ያለበት፣ የአገሩም ሰው የሚያውቀው የነጋዴ ማደሪያ ነበር። ከዚህ የተረፈው ብቸኛ መንገደኛ ደግሞ ከአንዱ ደጃፍ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ቢል፣ «ቤት የእግዜር ነው» ተብሎ ይገባ ነበር። ሥርዐቱ የሚሠራው እንግዳው ጥቂት፣ ቤቱም ሰፊ እስከሆነ ድረስ ነው። ባለ ተሳቢ መኪና ይዞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ማለት ግን አይቻልም።

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ

የታላቋን ከተማችንን ነገር እንመልከት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የመሳፍንቱና የመኳንንቱ ሰፈሮች ድምር ነበረች። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ይህንኑ ይመሰክራሉ። ከአገር ቤት የመጣ ባለጉዳይ ከጌታው ሰፈር ገብቶ ድንኳኑን ይተክል ነበር። ከተማይቱ በቤት እየሞላች ስትሄድ ግን ያ ክፍት መሬት ጠፋ፤ የቀረው ጥቂት ነው። ከቀሩት አንዱ ጃን ሜዳ ነው። በጥምቀት ታቦታቱና ሕዝቡ የሚያድሩበት ይህ ሜዳ በ2012 ዓ.ም. የተስቦው ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ተዛውሮበት እንደነበረ አይዘነጋም። ሜዳው ባይኖር ያ ሁሉ የአትክልት ነጋዴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወዴት ይሄድ ነበር? ክፍት መሬት ባዶ መሬት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከካይሮ እስከ ኬፕታውን አፍሪካን በመኪና የሚያቋርጡ መንገደኞች ለብዙ ዓመታት በመተማ ገብተው በሞያሌ ሲወጡ፣ አዲስ አበባን ለማረፊያና ለመኪና ጥገና ይጠቀሙባት ነበር። ለእነርሱ ተብሎ የተለየ ቦታ ግን ከተማይቱ አላዘጋጀችም። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ የነበረ አንድ የምግብ ቤት ግቢ ለብዙዎቹ መጠለያ ሆኖ ቆይቷል። ሌሎቹም የሆቴል ዘበኛ እየለመኑ በመኪና ማቆሚያ ያድሩ ነበር። ማደሪያውን የሚያገኙት አንዱ ለሌላው በሚነግረው ወሬ ነበር እንጂ በካርታ አልነበረም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተቋረጠ። መንገደኛው ባይመጣም የእኛ ጥያቄ ግን አልተቋረጠም።

ድንኳን ተክሎ ማደር የፈለገ ሰው ከከተማይቱ መውጣት ነው ያለበት። በስተምዕራብ የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ዘሩ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ መጣ ተብሎ የሚነገርለት ነው። ራቅ ብሎ የላንጋኖ ዳርቻና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛሉ። ሩቅ ለሚሄድ በሰሜን ተራሮች ሳንቃበርና ጨነቅ፣ በባሌም ዲንሾ ለድንኳን የታወቁ ቦታዎች ናቸው። ልብ እንበል፤ እነዚህ ማደሪያዎች የተገኙት በደንና በፓርክ አስተዳደር እንጂ በከተማ ፕላን አይደለም። የአራዊት ጥበቃ ባለሙያው ያሰበውን እኛ የከተማ ባለሙያዎች አላሰብነውም ማለት ነው።

ወደ መካነ ሰላም

አዲስ አበባ ላይ ጊዜው ያለፈ ይመስላል፤ እዚያ የመሬት ዋጋ ስለ ሜዳ ለመናገር አያስደፍርም። ጊዜው ያላለፈባቸውን ከተሞች ግን በጊዜ ማየት ይገባናል። ለምሳሌ መካነ ሰላምን የመረጥሁት በሦስት ምክንያት ነው።

አንደኛው መንገዱ ነው። ከደሴ ተነሥቶ በለጋምቦ፣ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ድሮ መካነ ሰላም ላይ ያበቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የዐባይ ሸለቆ ነው። ከምሥራቅ ጎጃም ጉንደወይን ዐባይን በድልድይ ተሻግሮ የሚመጣው መንገድ ከተሠራ ወዲህ ግን ከተማው የመንገድ መጨረሻ መሆኑ ቀርቶ መተላለፊያ ሆኗል። የመንገድ መጨረሻ የሆነ ከተማ የሚያሳድረው የራሱን ሰው ነው፤ መተላለፊያ የሆነ ከተማ ግን የማያውቀውን ሰው ያሳድራል። ከሸለቆው ሙቀት ወጥቶ ደጋ ላይ ሲደርስ የመሸበት የጭነት መኪና ነጂ፣ ፍሬኑና ሞተሩ እስኪበርድ የሚቆምበት ቦታ ካላገኘ በዋናው ጎዳና ዳር መቆሙ አይቀርም። ይህ ለእርሱም ለከተማውም አደጋ ነው።

ሁለተኛው ደኑ ነው። ከከተማው በስተሰሜን፣ በቦረናና በሳይንት መካከል፣ ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። መጀመሪያ ሲከለል ከ4 ሺህ ሄክታር ጥቂት የሚበልጥ ስፋት የነበረው ይህ ፓርክ ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና ድኩላ ይኖሩበታል፤ ኮሶው፣ አስታውና ጅብራው የወሎ ደጋ ድሮ ምን ይመስል እንደነበረ ያሳያሉ። በዚያ ዙሪያ ያለው ደጋ እንጨት አጥቶ ኩበት የሚያነድ መሆኑን ለሚያውቅ፣ የዚህ ደን መትረፍ ትልቅ ነገር ነው። እንግዲህ ጎብኚው የሚያድርበት የተሰናዳ ቦታ ከተማው ዳር ካላገኘ፣ ድንኳኑን ደኑ ውስጥ ይተክላል፤ እንጨት ይለቅማል፤ እሳት ያነድዳል። ማደሪያ ሜዳውን ከተማው ዳር ማዘጋጀት ደኑን መጠበቅም ነው።

ሦስተኛው የከተማው ማደግ ነው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከቱሉ አውሊያ ሌላ በመካነ ሰላም ግቢ ከፍቷል። በዩኒቨርሲቲ ከተሞች ሁሉ እንደሚታየው፣ በምረቃ ሰሞን ከየአገሩ የሚመጣው ወላጅ አልጋ አጥቶ ይንከራተታል። ከተማው ሲያድግ ደግሞ በዳሩ ያለው ግጦሽና ሜዳ ተሸንሽኖ ይሰጣል። አንዴ ከተሸነሸነ በኋላ ለማስመለስ ካሳና ክርክር ይጠይቃል። ዛሬ በአንድ ስብሰባ ሊወሰን የሚችለው ነገር ከዐሥር ዓመት በኋላ በምንም ገንዘብ ላይገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ የማልሸሽገው ነገር አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም የዚህን አገር መንገድ ለመንገደኛ አስጊ አደረገው። ታዲያ አሁን ስለ ጎብኚ ማውራት ምን ይባላል? የሚል ሊኖር ይችላል። መልሴ ይህ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ ሲገባ ያረፈው በትምህርት ቤቶች ነበር። ከተማው ሌላ የሚያሳርፍበት አልነበረውም። ሰው በክፍል ውስጥ ሲተኛ ተማሪው ከክፍሉ ይወጣል። ውኃ የተዘረጋለት፣ መጸዳጃ የተቆፈረለት፣ በር ያለው ሜዳ ቢኖር ኖሮ መከራው ባይቀርም በመጠኑ በቀለለ ነበር። ማደሪያ ሜዳ በሰላም ጊዜ ለመንገደኛ፣ በክፉ ቀን ለተፈናቃይ ነው። ስለ ሜዳው የምንነጋገረው ለሽርሽር ብቻ አይደለም።

ምን ያስፈልጋል?

አሁን ወደ ሙያችን ልመለስ። ለመካነ ሰላም መጠን ላለው ከተማ 20 ትንንሽ መኪኖች፣ 6 ባለ ተሳቢዎችና 30 ድንኳኖች በአንድ ሌሊት ቢያርፉ ብለን እናስላ። ለትንሹ መኪና 6 በ12 ሜትር ብንሰጥ 1,440 ካሬ ሜትር፣ ለባለ ተሳቢው 5 በ25 ሜትር ብንሰጥ 750፣ ለድንኳኑ 5 በ5 ብንሰጥ እንደዚሁ 750 ይሆናል። ድምሩ 2,940 ካሬ ሜትር ነው። ለመተላለፊያ፣ ለመዞሪያ፣ ለዛፍ፣ ለማብሰያና ለመጸዳጃ ይህንኑ ያህል ብንጨምርበት 6 ሺህ ካሬ ሜትር አይሞላም። ለከብት ማሰሪያና ለክፉ ቀን መጠባበቂያ አክለንበት አንድ ሄክታር ብንል በቂ ነው። በእያንዳንዱ መኪናና ድንኳን ሁለት ሰው ቢኖር 112 ሰው ይሆናል፤ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ውኃ ብንመድብ 2,240 ሊትር ነው። እያንዳንዳቸው 5 ሺህ ሊትር የሚይዙ ሁለት ሮቶዎች የከተማው ውኃ ቢቋረጥ እንኳ አራት ቀን ያዘልቃሉ።

የቦታው አመራረጥ ከስፋቱ ይበልጣል። በዋልካ መሬት ላይ ሜዳ ያዘጋጀ ሰው በክረምት መኪና ሲያወጣ ይከርማል፤ ስለዚህ ጠጠርነት ያለው፣ ውኃ የሚያሳልፍ፣ በመጠኑ ያዘነበለ መሬት ይመረጥ። ደጋው ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ስለሚጥልበት ብርድ ከሚያቁረው ረባዳ ቦታ ይራቅ፤ ከነፋስ የሚከልል አጥር ዛፍ ይተከልለት። ከዋናው መንገድ ብዙ አይራቅ፣ ነገር ግን የመንገዱ ዳር አይሁን። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ፣ ከመቃብርም ቦታ የሚከበረውን ርቀት ይጠብቅ። መጸዳጃው ከውኃ ምንጭ በታች ይሁን፤ በመኪና ውስጥ የተጠራቀመው ቆሻሻ ውኃ የሚደፋበት የተለየ ጉድጓድ ይኑር። እሳት የሚነደው በአንድ የጋራ ማብሰያ ብቻ ይሁን፤ እንጨቱም ከገበያ የሚገዛ ባሕር ዛፍ ይሁን እንጂ ከደን የተለቀመ አይሁን።

በአስተዳደሩ በኩል ከሩቅ ሳንሄድ ምሳሌ አለን። በሰሜን ወሎ መቄት ከእግር ጎብኚዎች የሚገኘውን ገቢ የአካባቢው ገበሬ ራሱ የሚያስተዳድርበት የእንግዳ ማረፊያ ሥራ ከሃያ ዓመት በፊት ተጀምሮ ነበር። በባሕር ማዶም፣ በተለይ በፈረንሳይ አገር፣ ትንንሽ የከተማ ማዘጋጃ ቤቶች ለባለ መኝታ መኪኖች ውኃና ቆሻሻ መድፊያ ያለበት ሜዳ ያሰናዳሉ፤ ክፍያው ጥቂት ነው፤ ትርፉ ግን መንገደኛው ከዳቦ ቤቱና ከገበያው በሚገዛው ነው። በመካነ ሰላምም የሚጠቀመው የሜዳው ጠባቂ ብቻ አይሆንም። እንጀራ የምትጋግረው፣ ጠላ የምትጠምቀው፣ ድርቆሽ የሚሸጠው፣ ጎማ የሚለጥፈው ሁሉ ከዚያ ይኖራል።

ሦስት ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎችን አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ባለ ሆቴሉን ይጎዳል» የሚል ነው። በጋቢናው የሚያድር ነጂ ሜዳ ባይኖርም አልቤርጎ አይከራይም፤ መንገድ ዳር ያድራል እንጂ። ሆቴሉ የሚያጣው ደንበኛ የለም፤ እንዲያውም ለምሳና ለራት የሚመጣ ሰው ያገኛል።

ሁለተኛው «ክፍት ሜዳ ይወረራል» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ስጋት ነው። የሚወረረው ግን ስምና ባለቤት የሌለው ሜዳ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖር ደንግጓል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ከጨረታ ሌላ የምደባን መንገድ አሳይቷል። በፕላን ሥራችንም 30 እጁን ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 እጁን ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 እጁን ለግንባታ የሚለውን ድርሻ ለምደነዋል። የማደሪያ ሜዳው ከአረንጓዴው ድርሻ ሊቆጠር ይችላል። በፕላን ስም የተሰጠው፣ የታጠረ፣ በየሌሊቱም ሰው የሚያድርበት ሜዳ ከባዶ «አረንጓዴ ቦታ» ይልቅ ከወረራ የተጠበቀ ነው።

ሦስተኛው «የጸጥታ ችግር ይሆናል» የሚል ነው። እኔ ግን የማየው በተቃራኒው ነው። መንገደኛው በየጥጋጥጉ ተበታትኖ ሲያድር ማን መጣ ማን ሄደ አይታወቅም። አንድ በር፣ አንድ መዝገብና አንድ ጠባቂ ባለበት ሲያድር ግን እርሱም ይጠበቃል፣ ከተማውም እንግዳውን ያውቃል።

ክቡራንና ክቡራት፣

ከዚህ ጉባኤ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አንደኛ፣ በመተላለፊያ መንገድ ላይ ላለ ለማንኛውም ከተማ ፕላን ስናዘጋጅ ወይም ስንከልስ፣ ለማደሪያ ሜዳ ቢያንስ አንድ ሄክታር በስሙ ተጽፎ እንዲከለል በሙያ መመሪያችን ውስጥ እናስገባ። ሁለተኛ፣ የመካነ ሰላምን ከተማ አስተዳደርና የፓርኩን ጽሕፈት ቤት በሙያችን ለማገዝ ፈቃደኞች መሆናችንን በደብዳቤ እንግለጽ፤ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ የሚሠራውን ሥዕልና ስሌት ከአሁኑ አዘጋጅተን እናስቀምጥ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችን በምንሠራበት ከተማ ጭነት መኪናው፣ ምእመኑና ገበያተኛው ዛሬ የት እንደሚያድር በሌሊት ወጥተን እንይ፤ ያየነውንም በሚቀጥለው ጉባኤ እናቅርብ። ሥዕላችን ላይ የማይታየው ሰው ያኔ ይታየናል።

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ለከተማው የተመኙት ምን እንደነበር ግልጽ ነው። መንገደኛ ያለ ስጋት የሚያድርበት ሜዳ ከዚያ ምኞት አንዱ ክፍል ነው፤ ያንን ሜዳ ሸንሽኖ ከማለቁ በፊት ማስመር ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።